ዓይናቸውን የጨፈኑ ምስክሮች

«እኔ በዓይኔ ነው ያየሁት» አለች ዓፊያ። «ጉልበቷን ጀርባቸው ላይ አድርጋ ነው የተጫነቻቸው።»

ሱዓድ ይህን የሰማችው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ለመድረስ አራት ደረጃ ሲቀራት ነው። የደረጃውን ብረት እንደያዘች ቆመች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ የሴቶች ድምፅና የፕላስቲክ ምንጣፍ ሲዘረጋ የሚያሰማው ኮሽታ ይመጣል። ከታች፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያልፈው አስፋልት ላይ፣ አንድ የጭነት መኪና እያጓራ ከሚሴን አቋርጦ ሄደ። ዓፊያ ከገበያው ጎን የጫማ ሱቅ ያላት፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት፤ በውሸት የሚያውቃት ሰው የለም። ግን ቅዳሜ ጠዋት ረቢአ በጮኸችበት ሰዓት ዓፊያ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ሁሉም ጨፍነው ነበር። የስፖርት አስተማሪዋ ፈይሩዝ «አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ሌላው ሰው እንዴት እንደሠራ አትዩ፣ የራሳችሁን ትንፋሽ ብቻ ስሙ» ብላቸው ነበር። ከሴቶቹ መሃል ዓይኗን የገለጠችው ሱዓድ ብቻ ነበረች።

ውስጥ ወሬው ቀጠለ። የሒሳብ መምህርቷ ዓዲላ፣ እዚህ መምጣት ከጀመረች ወዲህ ያለ ክኒን እንቅልፍ እንደሚወስዳት ተናገረች፤ ፈይሩዝ ሰው ትጎዳለች ብላ ለማመን እንደሚከብዳትም ጨመረች። «አንቺ ተኛሽ፣ የእኔ አንገት ግን ተቆልምሞ ሁለት ሳምንት ወደ ጎን ማየት አቅቶኝ ነበር» አለች ሌላዋ። ሦስተኛዋ በወር ስምንት መቶ ብር ከፍሎ ወለል ላይ መጋደም ምኑ ስፖርት እንደሆነ እስካሁን እንዳልገባት፣ ቤቷም አልጋ እንዳላት ስትናገር ሳቅ ሆነ። ከዚያ ባለፈው ሸዋል ያገባችው ልጅ ቀስ ብላ «እኔ መጨረሻ ላይ ተጋደሙ ስንባል ሁልጊዜ እንባዬ ይመጣል። ለምን እንደሆነ አላውቅም። የምመጣው ለሱ ነው» አለች። በዚህኛው ማንም አልሳቀም። ሱዓድ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ስትገባ ሁሉም ባንድ ጊዜ ከበቧት። አዳዳ እንዴት አደሩ? ሐኪሙ ምን አለ? አብሽሪ፣ አላህ አፊያ ያድርጋቸው። ዓፊያ ትከሻዋን አቅፋ «እኛ ምስክር ነን፣ አታስቢ» አለቻት።

ረቢአ የሱዓድ ባል የሙሀመድአሚን ታላቅ እህት ናት። የሱዓድ ልጆች እንደ አገሩ ደንብ የአባታቸውን እህት «አዳዳ» ብለው ስለሚጠሩ ሱዓድም የክፍሉ ሴቶችም አዳዳ ይሏታል። ቅዳሜ እለት ከዚህ ክፍል በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት፣ ከዚያ ወደ ሱዓድ ቤት በሰው ትከሻ ተወስዳለች። ሐኪሙ የጀርባዋ ዲስክ እንደተንሸራተተና ስድስት ሳምንት ሳትነሣ መተኛት እንዳለባት ተናግሯል። በማግስቱ ሙሀመድአሚን የሕንጻው ባለቤት ሐጂ ዩሱፍ ዘንድ ሄዶ፣ ፈይሩዝ ክፍሉን እንድትለቅ ጠየቀ። ሐጂ ዩሱፍም ሰኞ፣ ማለትም ዛሬ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሼህ አቡበከር ባሉበት ነገሩ ይታይ አለ።

ፈይሩዝ ከመጋረጃው ጀርባ ካለችው ትንሽ ጓዳ ወጣች። ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው። ሰባት ዓመት ዱባይ ኖራለች፤ ሰው ቤት ሳይሆን የዮጋ አዳራሽ ነበር የምታጸዳው። ወለሉን ወልውላ ስትጨርስ አንዲት ሕንዳዊት አስተማሪ ከሥራ በኋላ ታስቀራትና ታስተምራት ነበር። አገሯ ስትመለስ በዚያው ገንዘብ ይህን ክፍል ተከራየች፣ ግድግዳውን ነጭ ቀባች፣ በሩ ላይ «የሴቶች አካል ብቃት» ብላ ጻፈች። ዮጋ የሚለውን ቃል ያልጻፈችው ሰው ከሃይማኖት ጋር እንዳያያይዝባት ፈርታ ነው፤ የምታስተምረውም መተጣጠፍና መተንፈስ ብቻ ነበር። ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። «ዛሬ ትምህርት የለም» አለች። «ማታ የሚባለውን ሰምቼ እደውልላችኋለሁ። ምንጣፋችሁን ብትወስዱት ይሻላል።» ሴቶቹ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው፣ ዓይኗን ሳያዩ ወጡ። ሱዓድም ልትወጣ ስትል ጠራቻት።

«አካም ቡልቴ ሱዓድ፣ እንዴት አደርሽ? አዳዳ ሌሊቱን እንዴት አሳለፉ?»

«አልሃምዱሊላህ። ትንሽ ተኝተዋል።»

«አጠገባቸው አንቺ ነበርሽ» አለች ፈይሩዝ። ድምፅዋ የመክሰስ አልነበረም፤ የጠፋበትን ነገር የሚፈልግ ሰው ድምፅ ነው። «እኔ የመኪናው ድምፅ ረበሻችሁ ብዬ መስኮቱን ልዘጋ ሄጄ ነበር። ጀርባዬን ነበር የሰጠኋችሁ። አልነካኋቸውም ሱዓድ። ወደፊት እንዳይጎነበሱ እንኳ ቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። ምንም አላየሽም?»

ሱዓድ ልትናገር አፏን ከፈተች። በክፍሉ ውስጥ ከሁለታቸው በቀር ማንም አልነበረም፤ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ድምፅ የለም። ከዚህ የቀለለ ጊዜ እንደማይመጣ እያወቀች «ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አለች።

ፈይሩዝ ራሷን ነቀነቀች። «እኔ ነኝ ጨፍኑ ያልኳችሁ» አለች።

ሱዓድ የደረጃውን ብረት ይዛ ወረደች። ረቢአ ከስምንት ወር በፊት ከሰንበቴ ስትመጣ ለሁለት ሳምንት ነው የተባለው። ባሏ ከሞተ በኋላ ወገቧና ጉልበቷ አስቸግሯት ስለነበር የዞኑ ከተማ ከሚሴ ላይ ትታከም ብሎ ሙሀመድአሚን አመጣት። የልጆቹን ክፍል ያዘች፤ ልጆቹ ሳሎን መተኛት ጀመሩ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ሱዓድ ወጥ ሠርታ ስታቀርብ ቀምሳ፣ ምንም ሳትናገር፣ ተነሥታ ጨው ትጨምራለች፤ እንግዳ ባለበትም ትጨምራለች። ሱዓድ ጠዋት ልጆች አልብሳ፣ ቀን በዞኑ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውላ፣ ማታ የረቢአን እግርና ጀርባ በጥቁር አዝሙድ ዘይት አሽታ ትተኛለች። የእሷ የምትለው በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል እስከ አንድ ተኩል፣ የፈይሩዝ ክፍል ውስጥ የምትቆይበትን ሰዓት ብቻ ነበር። እዚያ ማንም ስሟን አይጠራም፤ ጀርባዋን ወለሉ ላይ አሳርፋ ጣሪያውን ታያለች። ከወር በፊት ሙሀመድአሚን እራት ላይ «ለወገብ ጥሩ ነው ይባላል፤ ረቢአንም ይዘሻት ሂጂ» አለ። እሷ «እሺ» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺም ሰዓት የረቢአ ሆነች፤ ጫማዋን ማውለቅ፣ ደረጃውን ደግፎ ማውጣት፣ ውሃ ማቀበል።

ቅዳሜ እለት እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። ፈይሩዝ ረቢአን «አንቱ አይጎንበሱ፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ብቻ ይተንፍሱ» ብላ አለፈች። ረቢአ ግን ትንሽ ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደ ልጅ እየተነፈሰች ፈገግ አለች። ደስ ብሏታል። ሱዓድ ዓይኗን የገለጠችው ያን ጊዜ ነው። ያንን ፈገግታ አየች። ደስታው ከራሷ የተወሰደ መሰላትና እጇን ዘርግታ የረቢአን ጀርባ ወደፊት ገፋች። ልትጎዳት አልነበረም። ግን ልታግዛትም አልነበረም፤ ይህን ሱዓድ ለራሷ ስትናገር ሁለት ሌሊት አድራለች። እጇ ውስጥ የስምንት ወር ቂም ነበረ፣ እጇም ያንን አውቆ ነው የገፋው። ረቢአ ጮኸች። ሱዓድ እጇን ሰበሰበች። ሴቶቹ ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ ያዩት ከመስኮቱ ሮጣ መጥታ ረቢአ ላይ የተጎነበሰችውን ፈይሩዝን ነው።

ወደ መሥሪያ ቤት የወሰዳት ባጃጅ ሃያ ብር ተቀብሎ በር ላይ አወረዳት። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ከወለል እስከ ጣሪያ ፋይል ነው፤ አንዲት መስኮት አለችው። ወሬው ቀድሟት ገብቶ ነበር። ባልደረባዋ ሙጂብ ከወንበሩ ሳይነሣ «ያቺ ከዱባይ የመጣችዋ አማትሽን ሰበረቻት አሉ» አላት። «አማቴ አይደለችም፣ የባሌ እህት ናት» አለች ሱዓድ። ያስተካከለችው ይህንን ብቻ ነው። ሙጂብ፣ ሚስቱም እዚያ ልትመዘገብ እንደነበረና እንደከለከላት፣ እንዲህ ዓይነት ነገር መጨረሻው እንደማያምር ቀድሞ እንደታየው ሲያወራ እሷ የአንድ ጡረተኛ ፋይል ከፍታ ያንኑ ገጽ ደጋግማ አየች። አንድ ቃል ብቻ ብትናገር ይህ ሁሉ ወሬ ከፈይሩዝ ተነሥቶ እሷ ላይ እንደሚያርፍ አሰበች፤ የባሏን እህት ጀርባ የሰበረች ሴት። ልጆቿ ትምህርት ቤት ይሰሙታል። ፋይሉን ዘጋችው።

ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ልታበላ ቤት ሄደች። ረቢአ በልጆቹ ክፍል፣ ወለል ላይ በተነጠፈ ጠንካራ ፍራሽ በሆዷ ተኝታለች። ሱዓድ አጎረሰቻት። ከዚያ ዘይቱን መዳፏ ላይ አፍስሳ ትከሻዋን፣ ሐኪሙ አይነካ ካለው ቦታ በላይ ያለውን፣ ማሸት ጀመረች።

«ቀስ» አለች ረቢአ ፊቷ ትራሱ ላይ እንዳለ። «ቅዳሜ እንዳደረግሽው አይሁን።»

የሱዓድ እጅ ቆመ። ውጪ ጎረቤት ልብስ እያጠበች ነበር፤ የውሃው ድምፅ ይሰማል።

«አዳዳ…»

«እጅሽን አላውቀውም? ስምንት ወር ያሸኝ እጅ ነው።»

«ታዲያ ለምን እሷ ናት አሉ?»

«አላልኩም። ወንድሜ 'ፈይሩዝ ናት አይደል?' ሲለኝ ዝም አልኩ። ዝም ስል አዎ ያልኩ መሰለው።» ረቢአ ትንሽ አረፈች፤ መናገርም ያማታል። «እሱን እኔ ነኝ ያሳደግኩት፣ ቁጣውን አውቀዋለሁ። አንቺ ሦስት ልጆች አሉሽ። እሷ ብቻዋን ናት፣ ሌላ ቤት ተከራይታ ትሠራለች። ዝም በይ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። ያልፋል።» ከዚያ ፊቷን ከትራሱ ቀና አድርጋ «ግን ለምን?» አለች።

ሱዓድ ስለ ጨው፣ ስለ ልጆቹ ክፍል፣ ስለ ጠዋቷ ሰዓት ልትናገር አሰበች። የአንድን ሰው ጀርባ የሚያህል ምክንያት ሆኖ አልታያትም። «እኔ እንጃ» አለች። በዚያ ቀን ሁለተኛ ውሸቷ ነበር። ረቢአ ደግማ አልጠየቀቻትም፤ ዓይኗን ጨፈነች። ሱዓድ የምሳውን ሳህን ይዛ ወጥ ቤት ገብታ፣ ቧንቧውን ከፍታ፣ ውሃው እየፈሰሰ ቆማ ቀረች። ረቢአ ብትወቅሳት ይቀላት ነበር። አሁን ረቢአ ስለ እሷ ስትል ጥፋት ውስጥ ገብታለች፤ ፈይሩዝ ደግሞ በሁለቱ ምክንያት ክፍሏን ልትለቅ ነው።

ከዐስር በኋላ እነሱዓድ ቤት ሳሎኑ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበሩ። ሼህ አቡበከር ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሐጂ ዩሱፍ የሕንጻውን ቁልፎች በጣቱ ያንቀሳቅሳል። ሙሀመድአሚን ከመለዋወጫ ሱቁ ሳይታጠብ ነው የመጣው፣ እጁ ላይ ግራሶ አለ። ፈይሩዝ ብቻዋን መጥታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሱዓድ ሻይ አቀረበችና እዚያው ቆመች። የልጆቹ ክፍል በር ተከፍቷል፤ ረቢአ ከተኛችበት ትሰማለች።

ሙሀመድአሚን ሳይጮህ ነው የተናገረው። እህቱን በእግሯ ልኳት በትከሻ እንደተመለሰች፣ ነገ ደግሞ የሌላ ሰው እህት እንዳትሰበር ክፍሉ ይዘጋ ዘንድ እንደሚፈልግ፣ አሥር ሴቶች በዓይናቸው እንዳዩ ተናገረ። ሐጂ ዩሱፍ «እኔ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም፤ ሕንጻዬ ላይ ግን ክስ አልፈልግም» አለ። ሼህ አቡበከር ወደ ፈይሩዝ ዞሩ።

«አልነካኋቸውም» አለች ፈይሩዝ። «ክፍሉ የእኔ ነው፣ እዚያ ለተጎዳ ሰው ተጠያቂ ነኝ። ልቀቂ ካላችሁኝ እለቃለሁ። ገፋሽ የተባልኩትን ግን አልቀበልም። ያላደረግኩትን አደረግኩ ብዬ ከዚህ አልወጣም።»

«አሥር ሴት ዋሸ?» አለ ሙሀመድአሚን።

ሼሁ እጃቸውን አነሡ። ምስክሮቹን ዛሬ ከሰዓት አንድ በአንድ አስደውለው እንደጠየቁ፣ አንዷ ጉልበቷን ስትል ሌላዋ ክርኗን እንዳለች፣ ይህም ልባቸውን እንዳላሳረፈው ተናገሩ። ከዚያ ወደ ተከፈተው በር ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ረቢአ፣ ጀርባው ያንቺ ነው። በአላህ ስም እጠይቅሻለሁ፤ የገፋችሽ ይህች ልጅ ናት?»

ሱዓድ ከቆመችበት የረቢአን ፊት ታያለች። ረቢአ ሶላት አሳልፋ አታውቅም፤ አሁንም ተኝታ በዓይኗ ትሰግዳለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ታየ። ዓይኗ ሱዓድ ላይ ነበር።

«ወላሂ…» አለች ረቢአ።

ከዚያ ቃል በኋላ ምን ልትል እንደነበረ ማንም አላወቀም። ሱዓድ «አዳዳ፣ ተዉ!» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገፋኋቸው። ፈይሩዝ መስኮቱ ጋ ነበረች።»

ማንም አልጮኸም። ሐጂ ዩሱፍ ቁልፎቹን ኪሱ ከተተ። ሙሀመድአሚን ሚስቱን እንደማያውቃት ሰው አያት፣ ከዚያ ወደ እህቱ በር አየ፤ እህቱም እንደምታውቅ ከፊቷ ሲያነብ ትከሻው ወረደ። ሼህ አቡበከር ብቻ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» አሉና ክፍሉ እንደማይዘጋ፣ ፈይሩዝን ያሙ ሁሉ አፉ እንዲባባሉ፣ የቀረው የቤተሰብ ጉዳይ እንደሆነ ተናግረው ዱዓ አደረጉ። ሙሀመድአሚን ተነሥቶ ፈይሩዝን «አፉ በይኝ እህቴ» ብሎ፣ መልሷን ሳይጠብቅ በጓሮ በር ወጣ።

ፈይሩዝ ገብታ የረቢአን እጅ ሳመች። ስትወጣ ሱዓድ እስከ ውጪው በር ተከተለቻት። «አፉ በይኝ ፈይሩዝ። በአላህ።»

ፈይሩዝ ቆመች። «አፉ ብዬሻለሁ» አለች። «ግን ጠዋት ጠይቄሽ ነበር። እኔና አንቺ ብቻ ነበርን። ጠዋት ብትነግሪኝ አብሬሽ መጥቼ አዳዳን እለምንልሽ ነበር።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ሴቶቹ ይመለሳሉ። አንቺ ግን ለጊዜው ባትመጪ ይሻላል። ዓይን ጨፍኑ ስል አንቺን አንቺን ማየቴ አይቀርም።» ወደ አስፋልቱ ሄደች፤ ባጃጅ አላስቆመችም።

መግሪብ ተሰግዶ ሙሀመድአሚን ተመልሶ ሳሎን ተቀመጠ። ልጆቹ ጎረቤት ናቸው። ሱዓድ ፊት ለፊቱ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሊቆጣት እየፈለገ ቁጣው አልመጣለትም። «ለምን?» ብቻ አላት። ቀን ለረቢአ ያልመለሰችውን ለእሱ መለሰችለት፤ አንዴ ከጀመረች በኋላ መቆም አቃታት። ስለ ጨው ተናገረች፣ ስለ ልጆቹ ክፍል፣ ሁለት ሳምንት ስለተባለው ስምንት ወር። «በሳምንት ሦስት ሰዓት ነበረችኝ» አለች። «እሷንም ሰጠህብኝ። እምቢ ማለት እችል እንደነበር አውቃለሁ፤ አላልኩም። ግን በቃኝ ነበር፣ ቤቴ ቤቴ አልመስል ብሎኝ ነበር።» ሙሀመድአሚን ወለሉን እያየ «ብትነግሪኝ ኖሮ» አለ፤ ብትነግረው ምን ያደርግ እንደነበር ግን እሱም አላወቀም። ያኔ ነው ሁለቱም ከጎን የሚመጣውን ድምፅ የሰሙት። ሳሎኑና የልጆቹ ክፍል የተከፈሉት በስስ የቺፑድ ግድግዳ ነው፤ ረቢአ ሁሉንም ሰምታለች። ስልክ ላይ ነበረች። ሰንበቴ ካለችው ልጇ ከዘሊካ ጋር በኦሮምኛ ታወራለች፤ የዘሊካ ባል አብደላ ነገ ማለዳ ሚኒባሱን ይዞ እንዲመጣ፣ የኋላውን ወንበር አውጥቶ ፍራሽ እንዲያነጥፍላት። ደህና እንደሆነች፣ ማንም ምንም እንዳላላት፣ የልጅ ልጆቿ ናፍቀዋት እንደሆነ ትነግራታለች።

ሱዓድ ሮጣ ገባች። ዘሊካ አራት ልጆቿን የምታሳድገው ባንድ ክፍል ቤት ነው። «አዳዳ፣ ሐኪሙ እንዳይንቀሳቀሱ ብሏል፤ የትም አይሄዱም» አለች ተንበርክካ። «በአላህ ይዤዎታለሁ። ከፈለጉ ይምቱኝ።»

«ተቆጥቼ አይደለም» አለች ረቢአ። ድምፅዋ እውነትም የቁጣ አልነበረም፤ ያፈረ ሰው ድምፅ ነበር። «እኔ የምጠቅም መስሎኝ ነበር። ጨው ስጨምር የማግዝሽ መስሎኝ ነበር።» ሱዓድ ማልቀስ ጀመረች፤ ሙሀመድአሚን የበሩን መቃን ተደግፎ ቆመና መግባት አልቻለም። ረቢአ ለቅሶዋ እስኪበርድ ጠበቀችና «በይ፣ ልብሴን አጣጥፊልኝ። ማለዳ ነው የሚመጣው» አለች።

ሱዓድ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሹራብ፣ የሶላት ልብስ፣ ሦስት የራስ መሸፈኛ፣ በፌስታል የተቋጠረ መድኃኒት። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ አጠፈችው፣ እንዲበዛ የፈለገች ይመስል። ስምንት ወር ሙሉ ቤቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሞላችው የመሰላት ሴት ዕቃ የአንዲት ትንሽ ሻንጣ ግማሽ እንኳ አልሆነም።